ወንዝ የማያሻግረው መድኃኒት

ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ የልጇን የክርስትና ነጠላ በእንዶድ ስታጥብ ሽታው አጥር ዘልሎ ወጥ ቤቴ ድረስ ገባ። ሌላው ሰው እንዶድ ሲሸተው ንጹሕ ልብስ ትዝ ይለው ይሆናል። እኔ ግን ሳላስበው ጎንበስ ብዬ የቀኝ ተረከዜን ዳበስኩ። ከዚያ ሣህን ላይ ያለውን ውኃ ትክ ብዬ አየሁት። አልፈራሁትም። «ተመስገን» አልኩ። በዚህ ዕድሜዬ!

ነገሩ የሆነው ሰበታ ነው፤ በጃንሆይ ዘመን፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ጥምቀት ካለፈ ከሳምንት በኋላ። ቤታችን ከወንዙ ወዲህ፣ በወጨጫ ተራራ በኩል ነበር። ትምህርት ቤቱ፣ ገበያው፣ አውቶቡሱ የሚቆምበት መንገድ፣ ሁሉም ከወንዙ ማዶ ነው። አባቴ ተጂ ከተማ ጸሐፊ ሆኖ ይሠራ ስለነበር በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ነው የሚመጣው። እናቴ እኔንና የአምስት ዓመቱን ወንድሜን ደምሴን ይዛ ኑሮን ብቻዋን ትጋፈጣለች።

ቅዳሜ ነው። እናቴ የተወቀጠ እንዶድ ገበቴ ውስጥ መትታ አረፋውን አስነስታ፣ ጋቢውን ወንዝ ዳር ድንጋይ ላይ በእግሯ ትረግጣለች። የእኔ ሥራ ደምሴን መጠበቅ ነበር። ደምሴ ደግሞ ሲጠብቁት የሚቀመጥ ልጅ አይደለም፤ አሁን እዚህ ስትለው እዚያ ነው። እሱን ሳባርር ቡሬን አየሁት። ቡሬ የወፍጮ ቤቱ ውሻ ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ ከቂጣዬ እያካፈልኩት ተላምደናል፤ ስሙን ከጠራሁት ከየትም ይሁን ከየት እየበረረ ይመጣል። የዚያን ቀን ግን ጭራውን እግሮቹ መሐል ከትቶ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ማንንም ሳያይ በወንዙ ዳር ያልፋል። ከአፉ ልጋግ ይዝረበረባል። የእናቴን የእንዶድ አረፋ ጠጥቶ መሰለኝና አንጀቴን በላው።

«ቡሬ! ና! ና ቡሬ!» ብዬ ጠራሁት።

ባልጠራው ኖሮ ያልፍ ነበር። ይህን ያኔም አውቀው ነበር፤ ዛሬም አውቀዋለሁ።

መጣና በቀጥታ ደምሴ ክንድ ላይ ተጣበቀ። ደምሴን ወደኋላ ስጎትተው ዞሮ ተረከዜን ነከስ አደረገኝ፤ እንደ እሾህ ነው የተሰማኝ። የእናቴን ጩኸት የሰሙ የወፍጮ ቤቱ ሰዎች ዱላ ይዘው ደረሱና ውሻውን እዚያው ጨረሱት። እናቴ ደምሴን አቅፋ «ወይኔ ልጄ! ወይኔ አንድዬ!» ትላለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«አንቺንስ? ነካሽ ወይ?»

«ኧረ አልነካኝም!» አልኩ። ተረከዜን ገበቴው ሥር በፈሰሰው የእንዶድ አረፋ ውስጥ ነክሬ ነበር። እንዴት እንዳቃጠለኝ! ጥርሴን ነክሼ ቆምኩ።

ለምን ዋሸሽ አትበሉኝ። ተነከስኩ ካልኩ እንዴት ተነከስሽ ይሉኛል፤ እንዴት ካሉኝ መጥራቴ ይወጣል። እናቴ ለመጣው ሰው ሁሉ «መንገዱን ሲሄድ ድንገት ዞረብን» እያለች ስታወራ ሰማኋት። ውሻውን ስጠራው አለመስማቷን ሳውቅ ምስጢሩን ዋጥኩት።

ያን ዕለቱን ደምሴን አዝለን ወደ ኦቦ ጉተማ ሄድን። ኦቦ ጉተማ ከእኛ ሁለት ማሳ ራቅ ብለው የሚኖሩ ገበሬ ናቸው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጠይም ሽማግሌ፣ ባርኔጣቸው ከራሳቸው የማይወርድ። የእብድ ውሻ መድኃኒት ከአባታቸው ወርሰዋል። ቅጠል ይሁን ሥር ከባለቤታቸው ከአዴ ሎሚ በቀር የሚያውቅ የለም። የተነከሰ ሰው ከቡራዩ፣ ከሱሉልታ ሳይቀር እየመጣ ግቢያቸው ውስጥ አርባ ቀን ይከርም ነበር። አርባ ቀን የሚከርመው ወዶ አይደለም፤ መድኃኒቱ ወንዝ አያሻግርም።

እናቴ በኦሮምኛ ለመነቻቸው። እሳቸው በአማርኛ መለሱላት፤ እንዲህ ነበር ሁልጊዜ የሚያወሩት።

«ሦስት ጠዋት ይጠጣል፤ ፀሐይ ሳትወጣ፣ በፍየል ወተት። አርባ ቀን ወንዝ አይሻገርም። ከተሻገረ መድኃኒቱ ፈረሰ፤ እኔ የለሁበትም።»

«በድልድይ ከሆነስ?» አልኩ።

እናቴ በክርኗ ደሰቀችኝ። ኦቦ ጉተማ ግን አልተቆጡም። «ኢንታላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው፣ «በድልድይም ቢሆን ወንዙ ከሥርሽ ያልፍ የለም? ያው ተሻገርሽ ነው።»

እሑድም ሰኞም ደምሴ ጠጣ። ከቀንድ በተሠራ ዋንጫ ሲሰጡት አፍንጫውን እይዝለት ነበር። ሽታው ሲያቅለሸልሽ! አዴ ሎሚ «መድኃኒቱ ሲሠራ የውሻው ዘር በሽንት ይወጣል፤ ትንንሽ ቡችላ ይመስላል» አሉን። እኔ መምሰሉን ትቼ ቡችላውን ብቻ ያዝኩ። ደምሴ ሽንቱን በሸና ቁጥር ተከትዬ አፈሩን በእንጨት እገላብጣለሁ። ማታ ጆሮዬን ሆዱ ላይ ለጥፌ የሚያለቅስ ቡችላ አዳምጣለሁ። ይጮሃል አንዳንዴ! እኔ ደግሞ ቡሬ ቢሞትም ልጆቹ ተረፉ ብዬ፣ ሲወጡ ማን ያሳድጋቸዋል እያልኩ እጨነቃለሁ።

ማክሰኞ ጠዋት የመጨረሻው ዋንጫ ነበር። ደምሴ አልጠጣም ብሎ ሲንፈራገጥ ከታች ትንሽ ቀረ። እናቴ እንባዋን እየጠረገች «እጠቢው» ብላ ሰጠችኝ። ጓሮ ወሰድኩት። ከዛሬ በኋላ መድኃኒት የለም፤ ይህ ካለፈኝ እኔ ማበዴ ነው። ጭልጥ አደረግኩት። ወዲያው ደግሞ ከቡሬ ጥርስ የባሰ ነገር ነደፈኝ፦ ይህ የደምሴ ነው። ወንድሜን አስነከስኩት፤ አሁን ደግሞ መድኃኒቱን ጠጣሁበት።

በዚያው ቀን እኩለ ቀን ላይ አባቴ ደረሰ። የአውቶቡስ ሾፌር ነው የነገረው። ቤት ከመግባቱ በፊት ከተማው ጤና ጣቢያ ያለውን ድሬሰር አነጋግሮ መጥቷል።

«ድሬሰሩ ዛሬ ነገ ሳትሉ አዲስ አበባ ውሰዱት ብሏል» አለ። «መርፌ አለው። አሥራ አራት ቀን፣ በየቀኑ፣ ሆዱ ላይ ይወጋል።»

«ወንዝ ልታሻግረው ነው?» አለች እናቴ። «መድኃኒት ጠጥቷል እኮ! ወንዝ ካሻገርከው ገደልከው ማለት ነው!»

«እዚህ ካስቀመጥኩትስ?»

«ኦቦ ጉተማ ማንን ገድለው ያውቃሉ? ስማቸውን ጥራና ንገረኛ!»

አባቴ ኦቦ ጉተማን አስጠራ። በረንዳው ጫፍ ተቀመጡ፤ እናቴ እግራቸው ሥር ወደቀች።

«አንቱ ንገሩት፣ በማርያም! እኔን አይሰማኝም።»

ኦቦ ጉተማ በከዘራቸው አፈሩን ይቧጥጡ ጀመር። እኔ ምሰሶውን ይዤ አፋቸውን አያለሁ። አይሻገርም የሚሉ ከሆነ ደምሴ መርፌ አያገኝም፤ ይሻገር የሚሉ ከሆነ መድኃኒቱ ይፈርሳል። የቱን ልመኝ? ከዘራቸውን ከአፈሩ አንስተው «ልጁ የአባቱ ነው» አሉና ተነስተው ሄዱ። ተቆጥተው መሰለኝ። እናቴም እንደዚያው መሰላት፤ ጮክ ብላ አለቀሰች።

ረቡዕ ጠዋት አባቴ ደምሴን ትከሻው ላይ አድርጎ በድልድዩ ተሻገረ። እናቴ ደረቷን እየመታች ከኋላ ተከተለችው። አዲስ አበባ አክስቴ ቤት ሊያርፉ ነው። እኔ ትምህርት እንዳይቀርብኝ ተብዬ ለአዴ ሎሚ ተሰጠሁ። ደምሴ ማዶ ሲደርስ ዞሮ እጁን አወዛወዘልኝ። ሊሞት የሚሄድ ነበር የመሰለኝ፤ ደግሞም በእኔ ምክንያት።

ትምህርት እንዳይቀርብኝ! ትምህርት ቤቱ እኮ ወንዝ ማዶ ነው። እኔም መድኃኒት ጠጥቻለሁ።

ሐሙስ ሆዴን አመመኝ አልኩ። ዓርብ ራሴን አልኩ። አዴ ሎሚ ፌጦ በጥብጠው አጠጡኝ፤ ጉሮሮዬ ሲቃጠል ደስ አለኝ፤ ውሸቴ ቅጣቱን አገኘ ብዬ። አንድ ቀን ባለፈ ቁጥር አንድ ባቄላ ነጠላዬ ጫፍ ላይ እቋጥራለሁ። አርባ ባቄላ ሲሞላ እድናለሁ። ገና አራት ነው። ጠዋት ጠዋት ማንም ሳይነሳ የውኃውን እንስራ ከፍቼ ውስጡን አያለሁ፤ ያበደ ሰው ውኃ ይፈራል ሲሉ ሰምቻለሁና። ልቤ ድው ድው ይላል። ውኃውን ነው የፈራሁት ወይስ መፍራቴን? ይህን እንዴት ልወቅ? አንድ ጊዜ አስሎኝ ድምፄ እንደ ውሻ ጩኸት ስለመሰለኝ አፌን በነጠላዬ አፍኜ ቁጭ አልኩ። ጓሮ ወጥቼ ሽንቴን እመረምራለሁ። ቡችላ የለም። አንድ እንኳ! የጠጣሁት ዝቃጭ ስለሆነ አልበቃኝም አልኩ።

ከአዲስ አበባ ወሬ የለም። አብራኝ የምትማር ልጅ መጥታ «የእብድ ውሻው መርፌ እኮ በሆድ ገብቶ በጀርባ ይወጣል አሉ» አለችኝ። እሷ እንደሄደች አዴ ሎሚ ጭን ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። «ለወንድሟ ነው፤ እንዴት ያለ አንጀት ነው!» አሉ አዴ ሎሚ። ይህን ሲሉኝ ባሰብኝ።

ስምንተኛውን ባቄላ የቋጠርኩ ቀን ኦቦ ጉተማ «ሜ፣ እስቲ ማዶ ሱቅ ሄደሽ ክብሪት አምጪልኝ» ብለው ላኩኝ። እሳቸውን እንቢ ማለት አይታሰብም። ወንዙ ዳር ወረድኩ። በጋ ስለሆነ ውኃው ቁርጭምጭሚት አይሞላም፤ መሻገሪያው ድንጋይ ደርቋል። አንድ እግሬን ድንጋዩ ላይ አሳረፍኩ። መለስኩት። እንደገና አሳረፍኩ። መለስኩት። ስንት ጊዜ እንዲህ እንዳደረግኩ አላውቅም። ቀና ስል ኦቦ ጉተማ ከኋላዬ ቆመዋል።

«ውኃው ነው የሚያስፈራሽ?» አሉኝ። ድምፃቸው ሌላ ነበር።

«ውኃው አይደለም! መሻገሩ ነው!»

«መሻገሩ ምን አደረገሽ?»

ጠጠር ላይ ቁጭ ብዬ ሁሉንም ለፈለፍኩት። ቡሬን መጥራቴን፣ ተረከዜን፣ የደምሴን ዋንጫ፣ ባቄላውን። ነጠላዬን ፈትቼ አሳየኋቸው። «ስምንት ቀኔ ነው። ሠላሳ ሁለት ይቀረኛል። ደምሴ ግን ተሻግሯል፤ ይሞታል አይደል? እኔ ነኝ የገደልኩት» አልኩ።

ኦቦ ጉተማ ተንበረከኩና ተረከዜን አገላብጠው አዩ። ቁስሉ ጥቁር ቅርፊት ይዟል። ባርኔጣቸውን ከራሳቸው አወረዱ። ያለ ባርኔጣ ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነበር፤ ራሳቸው ነጭ ነው።

«ለሊሴ የምትባል ልጅ ነበረችኝ» አሉ። «አንቺን ታክል ነበር። ውሻ ነከሳት። መድኃኒቱን በገዛ እጄ ሰጠኋት፤ ከሌላው ሰው አብልጬ። በሃያኛው ቀን ውኃ ሳቀርብላት ጮኸች። በሦስት ቀን ሞተች።»

«ወንዝ ተሻግራ ነው?» አልኩ።

«ሰፈሩ እንደዚያ አለ። በድብቅ ተሻግራ ይሆናል አለ። እኔም ዝም አልኩ፤ እንደዚያ ይሆናል እያልኩ ኖርኩ።» ውኃውን አዩት። «ግን አንድ ቀን ከአጠገቧ ተለይቼ አላውቅም። ለሊሴ ወንዝ አልተሻገረችም።»

ያኔ ሙሉ በሙሉ አልገባኝም። የገባኝ አንድ ነገር ነው፤ ኦቦ ጉተማ ፈርተዋል። ትልቅ ሰው፣ ያውም እሳቸው! ባቄላዬን መልሼ ነጠላዬ ጫፍ ላይ ቋጠርኩ።

«ኮቱ፣ ነይ» አሉና ጀርባቸውን ሰጡኝ። «ታዘዪ።»

«መድኃኒቱ ይፈርሳል!»

«የምሻገረው እኔ ነኝ። አንቺ ጀርባዬ ላይ ነሽ፤ እግርሽ ውኃውንም ድንጋዩንም አይነካም። ሂን ሶዳቲን፣ አትፍሪ።»

አዴ ሎሚ ከላይ አይተውን እየሮጡ ወረዱ፤ ኦቦ ጉተማ ተረከዜን አሳዩአቸው። በኦሮምኛ ነው የጮኹባቸው፤ እኔም እሰማለሁ፦ የተነከሰች ልጅ ተሸክመህ ወንዝ ስትሻገር ሰው ቢያይህ ከእንግዲህ ማን ያምንሃል፣ ነበር ነገሩ። ኦቦ ጉተማ ጫማቸውን አውልቀው ውኃው ውስጥ ገቡ። ዓይኔን ጨፍኜ አንገታቸውን አንቄ ያዝኩ፤ የውኃው ድምፅ ከሥሬ ይሰማኛል። ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ የቆሙት ሁሉ ወሬያቸውን አቁመው አዩን። አንዱ «ኦቦ ጉተማ፣ ልጅቷ ምን ሆነች?» አለ። «ተነክሳለች። ሐኪም ቤት እየወሰድኳት ነው» አሉ ጮክ ብለው።

አዲስ አበባ ስንደርስ እናቴ የመርፌው ቤት ግቢ ውስጥ ሣር ላይ ተቀምጣለች፤ ደምሴ አጠገቧ ጠጠር ይወረውራል። ሕያው ነው! ሰባት ተወግቶ ጠጠር ይወረውራል! እናቴ ኦቦ ጉተማን ስታይ የምትሆነው ጠፋት። ነገሩን ሲነግሯት በጥፊ አጮለችኝ፤ ወዲያው ደግሞ አቅፋኝ «አንቺ የእኔ ጅል፣ እንዴት አትነግሪኝም! ምን ሆነሽ ነው!» እያለች እየዬ አለች። «እኔ ነኝ ቡሬን የጠራሁት» አልኳት ደረቷ ውስጥ ሆኜ። ሰምታለች፤ ይበልጥ አጥብቃ ያዘችኝ።

መርፌው እንደ ተወራው በጀርባ አይወጣም፤ ሲያም ግን ያማል። ኦቦ ጉተማ እጄን ይዘው ቆመው ነበር። ስንጨርስ ነጭ ካፖርት የለበሰውን ሰውዬ እጅ ነሥተው ጠየቁት።

«ጌታው፣ ይሄ መድኃኒት ክልክል የለውም?»

ሰውዬው ሳቀ። «አንድ ክልክል አለው። ቀን መዝለል የለም። አሥራ አራቱ ሳያልቅ ወደ አገራችሁ እንዳትመለሱ፤ ስንቅ አለቀብን፣ አዝመራ ደረሰብን ብሎ ነገር የለም።»

ኦቦ ጉተማ አልሳቁም። ራሳቸውን ነቀነቁ። ያን ዕለቱን በአውቶቡስ ወደ ሰበታ ተመለሱ።

የመጨረሻዬን መርፌ ተወግቼ ስንመለስ ሰፈሩ ለሁለት ተከፍሎ ጠበቀን። ገሚሱ የዳናችሁት በመርፌው ነው ይላል፤ ገሚሱ ደግሞ ልጅቷን ኦቦ ጉተማ ራሳቸው ስላሻገሯት ነው ይላል። አባቱ ያሻገረው ደምሴስ እንዴት ዳነ ሲባል ወሬ ይቀይራል። የኦቦ ጉተማ ግቢ ግን ባዶ ነበር፤ የሚከርም እንግዳ የለም። አዴ ሎሚ ለእናቴ «ሥራውን የተወው መሰለኝ፤ ሌሊት አይተኛም» አሏት። እኔ ደግሞ እንጀራቸውን እኔ ያቋረጥኩባቸው መስሎኝ በደጃቸው ሳልፍ እሮጥ ነበር። የባቄላውን ቁጥር አልተውኩትም፤ እስከ አርባ ቋጠርኩ፣ ለማንኛውም።

አርባኛውን የቋጠርኩ ዕለት ነው፣ አንዲት ሴት ከተራራው በኩል ወንድ ልጅ አዝላ እየሮጠች መጣች። ጉንጩ ላይ ደም አለ። እኔ ለአዴ ሎሚ ጎመን አድርሺ ተብዬ እዚያው ነበርኩ። ሴትዮዋ ኦቦ ጉተማ ጉልበት ላይ ወደቀች።

«ኦቦ፣ መድኃኒቱን! ወንዝ አላሻግረውም፤ አርባ ቀን እዚሁ እከርማለሁ፤ ልጄን ብቻ!»

ኦቦ ጉተማ ባርኔጣቸውን አወለቁ። እኔን አዩኝ፤ ከዚያ እሷን።

«መድኃኒቱን እሰጥሻለሁ» አሉ። «ግን ክልክሉን ስሚ። ክልክሉ ተለውጧል። አሁኑኑ ወንዙን ተሻግረሽ አዲስ አበባ ግቢ። አሥራ አራት ቀን ሆዱን በመርፌ ይወጋል። አሥራ አራቱ ሳይሞላ ልጁ ወንዙን ወደዚህ ከተሻገረ መድኃኒቴ ይፈርሳል፤ እኔ የለሁበትም። ሞልቶ ስትመለሺ እዚሁ ቁጭ ብዬ አጠጣዋለሁ።»

ሴትዮዋ ለምን አላለችም። ልጁን እንደገና አዝላ ቁልቁል ወደ ወንዙ ሮጠች። ኦቦ ጉተማ ማዶ እስክትወጣ ቆመው አዩአት፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞሩና «ዛሬ ስንት ሞላሽ?» አሉኝ።

«አርባ» አልኳቸው፣ ቋጠሮውን እያሳየሁ።

እጃቸውን ዘረጉ። ባቄላዎቹን መዳፋቸው ላይ ዘረገፍኩላቸው። እንደ እኔ አንድ በአንድ ቆጠሯቸው፣ ሁለት ጊዜ። ከዚያ በረንዳው ላይ ቁጭ አሉና ፊታቸውን በባርኔጣቸው ሸፍነው፣ እኔ እዚያው ቆሜ እያየኋቸው፣ ለለሊሴ አለቀሱ።